ሲሴሮ ወይስ ቩልጋታ? ለአንድ የላቲን ንባብ ኮርስ ብቻ አቅም ላለው አንባቢ

የደረሰን ደብዳቤ አጥሮ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጆች። ቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆይቻለሁ፤ አሁን በታሪክ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። የላቲን ሰዋስው በግሌ ሁለት ዓመት አጥንቼ ጨርሻለሁ። ቩልጋታን (የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ) ስከፍት እምብዛም ሳልቸገር አነባለሁ። ሉዶልፍ ስለ አገራችን የጻፈውን ስከፍት ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ያን ያህል ለፍቼም በትክክል መረዳቴን እጠራጠራለሁ። ቨርጂኒያ ያለችው እኅቴ ለአንድ የኢንተርኔት የንባብ ኮርስ ልትከፍልልኝ ነው። ለእኔ ደረጃ የሚሆኑ ሁለት አግኝቻለሁ፤ አንዱ የጥንቱን ሮማዊ ተናጋሪ ሲሴሮን፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ላቲንን ያስነብባል። የቤተ ክርስቲያኑ የሚቀርበኝ ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ደግሞስ የትኛውን አነባበብ ልያዝ? — የታሪክ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር»

ውድ ጠያቂያችን፣

የሲሴሮውን ይውሰዱ። የቤተ ክርስቲያኑ እንደሚቀርብዎ እናምናለን፤ ገንዘብ እንዳያወጡበት የምንመክረውም ስለሚቀርብዎ ነው። እሱን ያለ አስተማሪ ሊዘልቁት የሚያስችል መሣሪያ በእጅዎ አለ። የሲሴሮውን ግን የሚያርምዎ ሰው ሳይኖር ቢይዙት ለዓመታት እየተሳሳቱ ሳያውቁት ሊቆዩ ይችላሉ።

ቩልጋታ የቀለለልዎ ከሁለት ነገር የተነሣ ነው። ታሪኩን አስቀድመው ያውቁታል፤ ስለዚህ ሰዋስዉ ሲያመልጥዎ ትዝታዎ ይሞላልዎታል። ዓረፍተ ነገሩም የግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ ዓረፍተ ነገር ዘመድ ነው፤ አጭር ነው፣ በ«ኤት» ይያያዛል፣ ልክ በ«ወ» እንደሚያያዘው። ቅዱስ ጄሮም በ382 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጳጳሱ በዳማሱስ ጥያቄ ሥራውን ሲጀምር ከግሪክና ከዕብራይስጥ የቃላቱን ቅደም ተከተል እስኪጠብቅ ድረስ ተጠግቶ ተርጉሟል። ስለዚህ ቩልጋታን ሲያነቡ ግማሹን ሥራ የሚሠራልዎ የለመዱት ግዕዝ ነው።

ሉዶልፍ የጻፈው በዚህ ላቲን አይደለም። ሂዮብ ሉዶልፍ (1624–1704) የጀርመን አገር፣ የኤርፉርት ከተማ ሰው ነው፤ በዘመኑ የአውሮፓ ትምህርት ቤት ጥሩ ላቲን ማለት የሲሴሮ ላቲን ነበር። በ1652 ጎታ ከተማ ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ ጋር ተቀምጦ የሰበሰበውን በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ሲያቀርብ፣ በ1691 ባወጣው ሰፊ ማብራሪያም፣ በ1698 በታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላትም የተጠቀመው ያንን ላቲን ነው። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ስለ ኢትዮጵያ ተልእኮው የጻፈውም እንዲሁ ነው፤ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቶች የ1599 ደንብ የጽሕፈት አርአያ አድርጎ ያስቀመጠው ሲሴሮን ነውና። የዲልማን የ1865 የግዕዝ መዝገበ ቃላት ፍቺውን የሚሰጠው በላቲን ነው። እርስዎ ሊያነቧቸው የሚፈልጓቸው መጻሕፍት እነዚህ ከሆኑ መግቢያው በር በሲሴሮ በኩል ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይወቁት፦ ቤካሪ ከ1903 እስከ 1917 ሮም ላይ ባሳተመው ታላቅ የምንጮች ስብስብ ውስጥ ብዙው ክፍል ፖርቱጋልኛ ነው። ኢየሱሳውያኑ ፓኤዝና አልሜዳ የጻፉት በፖርቱጋልኛ ነው፤ ላቲን ብቻውን እነሱን አይከፍትልዎትም።

የቤተ ክርስቲያን ኮርስ የማይሰጥዎትን ነገር በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ኢዮብ 19፥25 በቩልጋታ «ሺዮ ኤኒም ኰድ ሬዴምፕቶር ሜኡስ ቪቪት» ይላል፤ «ታዳጊዬ ሕያው እንደ ሆነ አውቃለሁና»። «ኰድ» ቀጥታ «እንደ» ሆኖ ገብቷል፤ ባለቤቱ ባለቤት፣ ግሱም ግስ ሆኖ ቀርቷል። ሲሴሮ ቢሆን «ሬዴምፕቶሬም ሜኡም ቪቬሬ» ይል ነበር፤ ባለቤቱ ተሳቢ ይሆናል፣ ግሱም አርእስት። በአማርኛ «የንጉሡን መምጣት ሰማ» እንደምንለው ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሰዋስው መጽሐፍዎም ያስተምራል። ሰዋስው መጽሐፍ በበቂ የማያስለምደው ይህ አሠራር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለማብቃቱን ነው። ጸሐፊው አንዴ «ጎርጎርዮስ እንዲህ ይላል» ካለ በኋላ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር በአርእስት ብቻ ሊቀጥል ይችላል፤ «አለ» የሚለውን አይደግምልዎትም። ክሩ ያመለጠው አንባቢ የአባ ጎርጎርዮስን ቃል የሉዶልፍ የራሱ ፍርድ አድርጎ ይጠቅሳል። ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የከፋ የንባብ ስሕተት የለም፤ ምስክሩንና ዳኛውን ማምታታት ነውና።

ይኸው ጥንቃቄ «ስለ» በሚለው «ኰድ» ላይም አለ። ሠራዊቱ ተመለሰ፣ «ኰድ ዴኤራት» ስንቅ፣ ቢል (ግሱ ተራ ኃላፊ ሲሆን) ስንቅ መጥፋቱን ጸሐፊው ራሱ ያረጋግጣል። «ኰድ ዴኤሴት» ቢል (ግሱ የዘንድ አንቀጽ ሲሆን) ምክንያቱ የእነሱ ነው፤ «ስንቅ አለቀብን ብለው» ማለት ነው፤ ጸሐፊው ዋስ አልሆነም። ልዩነቱ ያለው በግሱ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ቩልጋታ በዚህ ረገድ ልል ስለሆነ ዓይንዎ ይህን መለየት አይማርበትም። የሲሴሮ ኮርስ ግን በየገጹ ያስገድድዎታል።

ለራሳቸው ለአባቶች ጽሑፍም ቢሆን ሲሴሮ ያስፈልጋል። አውግስጢኖስ በኑዛዜው ሦስተኛ መጽሐፍ፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልቡን ወደ ጥበብ የመለሰው የሲሴሮ «ሆርቴንሲዩስ» እንደ ነበር ይመሰክራል። ጄሮም በ384 ለዩስቶኪየም በጻፈው ደብዳቤ፣ በሕልሙ በፍርድ ወንበር ፊት ቀርቦ «ክርስቲያን አይደለህም፣ የሲሴሮ ሰው ነህ» እንደ ተባለ ይተርካል። ሁለቱም በሲሴሮ ተኮትኩተው ያደጉ ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ሳይጠቅሱ በራሳቸው ቃል ሲናገሩ ዓረፍተ ነገራቸው ወዲያው ይረዝማል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በሲሴሮ ኮርስ ብዙ ጊዜ ቀድመው ከሚነበቡት ንግግሮች አንዱ ስለ ባለቅኔው አርኪያስ ዜግነት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 ያደረገው ነው። አጭር ነው፣ 32 አንቀጽ ብቻ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ተማሪ የሚያስደነግጥ ነው፤ አስተማሪዎ የሚጀምረው በሌላ ጽሑፍ ቢሆንም ይህን አንዱን ዓረፍተ ነገር ከመመዝገብዎ በፊት በራስዎ ይሞክሩት። ሐሳቡ በአማርኛ ይህ ነው፦ ዳኞች ሆይ፣ በእኔ ዘንድ አንዳች ተሰጥኦ ካለ፣ ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነም ይታወቀኛል፣ ወይም አንዳች የንግግር ልምምድ፣ በዚህም መጠነኛ ልምድ እንዳለኝ አልክድም፣ ወይም ከመልካም ጥበባት ትምህርት የመነጨ አንዳች የዚህ ሙያ ዘዴ፣ ከዚያም የራቅሁበት ዘመን በዕድሜዬ እንደሌለ እናገራለሁ፣ የእነዚህን ሁሉ ፍሬ ከማንም በፊት ይህ አውሉስ ሊኪኒዩስ በመብቱ ከእኔ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ መዝገበ ቃላት ሳይነኩ ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ቀጥሎ ባለቤት ያላቸውን ግሶች ብቻ ያስምሩባቸው፤ ስድስት ያገኛሉ፦ ኤስት፣ ሴንቲዮ፣ ሲት፣ ኢንፊሲዮር፣ ኮንፊቴዮር፣ ዴቤት። ከዚያ አያያዦቹን ያክብቡ፤ «ሲ» ሦስት ጊዜ መጥቷል፣ ከእያንዳንዱ «ሲ» ጀርባ ደግሞ አንድ ዘርፈኛ ሐረግ («ኰድ»፣ «ኢን ኳ»፣ «ኣ ኳ») ተንጠልጥሏል። ሐረጎቹን በቅንፍ ይክተቷቸው። አሁን ቅኔ ቤት የለመዱትን ጥያቄ ይጠይቁ፦ ማሠሪያው የቱ ነው? ከስድስቱ አምስቱ በ«ሲ» ወይም በቅንፍ ውስጥ ተይዘዋል፤ ነጻ የቀረው «ዴቤት» ብቻ ነው፣ እሱም የመጨረሻው ቃል ነው። ከማሠሪያው ባለቤቱን (ይህ አውሉስ ሊኪኒዩስ)፣ ከባለቤቱ ተሳቢውን (ፍሬውን)፣ ከተሳቢው ዘርፉን (የእነዚህ ነገሮች ሁሉ) እየሳቡ ወደ ኋላ ይምጡ። ዘርፉ ሦስቱን «ሲ» በአንድ ቃል ሰብስቦ እንደያዘ ያኔ ይታይዎታል።

ብዙዎች የሚወድቁት ሁለተኛውና ሦስተኛው «ሲ» ላይ ነው፤ ግስ የላቸውም። የመጀመሪያው «ኤስት» ለሦስቱም ያገለግላል፤ ሲሴሮ አልደገመውም። ይህን ያላወቀ ተማሪ ግስ ፍለጋ ወደ ቅንፉ ገብቶ «ኢንፊሲዮር»ን የ«ሲ» ግስ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። ግስ የሌለው ሐረግ ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ ወደ ቀደመው ተመሳሳይ ሐረግ ይመለሱ።

በዚህ ሥራ አማርኛ ተናጋሪ መሆንዎ በእውነት ይረዳዎታል። ማሠሪያውን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ለእርስዎ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእንግሊዝኛ በኩል ላቲን የሚማር ሰው ግን ይህን ትዕግሥት ከባዶ ነው የሚያበጀው። ስለዚህ ኮርሱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ዝግጅትዎን ወደ አማርኛ ያድርጉት። ፈረንጆቹ የሚቸገሩበት «አብላቲቭ አብሶሉት» የሚባለው አገባብ በአማርኛ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «ኡርቤ ካፕታ» ማለት «ከተማዪቱ ተይዛ» ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ላቲን አብዛኛውን ጊዜ ለኃላፊ ድርጊት አድራጊ ቦዝ የለውም፤ ተደራጊውን ብቻ ነው ያለው። «ሆስቲቡስ ቪክቲስ» ቃል በቃል «ጠላቶቹ ድል ተደርገው» ነው፤ ድል ያደረገው ማን እንደ ሆነ የሚያውቁት ከዋናው ባለቤት ነው። ባለቤቱ ቄሣር ከሆነ «ጠላቶቹን ድል አድርጎ ቄሣር ተመለሰ» ይበሉት።

ግዕዙም ያግዝዎታል። «ኡት» የሚባለው ቃል ተማሪን ያደናግራል፣ አንዴ «እንደ» አንዴ «እንዲ» ስለሚሆን። እርስዎ ግን ያውቁታል፦ «ኡት ፋቺት» በከመ ይገብር ነው፣ «ኡት ፋቺያት» ከመ ይግበር ነው። የሚለየው የግሱ አንቀጽ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ።

አሁን የቤተ ክርስቲያኑን ላቲን ያለ ክፍያ እንዴት እንደሚይዙት። ዳዊት ይጀምሩ። የቩልጋታ መዝሙር የተተረጎመው ከግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ነው፤ የግዕዙም እንዲሁ። ስለዚህ ቁጥሩ እንኳ ይገጥማል፤ «ተሣሃለኒ እግዚኦ» በሁለቱም 50ኛ ነው፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ትርጉሞች ግን 51ኛ ይሉታል። መዝሙር 117ን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ «ግነዩ ለእግዚአብሔር እስመ ኄር» — «ኮንፊቴሚኒ ዶሚኖ ኮኒያም ቦኑስ»። «ኮኒያም» የተቀመጠው «እስመ» በተቀመጠበት ቦታ ነው። በቀን አንድ መዝሙር፣ መጀመሪያ ላቲኑን፣ ከዚያ ግዕዙን፣ ከዚያ እንደ ገና ላቲኑን፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሉዶልፍ ራሱ በ1701 ዳዊትን በግዕዝና በላቲን አሳትሟል፤ የዚያ ቅጂ በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፣ የሉዶልፍን የቃላት ምርጫ ለመልመድም ይጠቅምዎታል።

ከዳዊት በኋላ ዕዝራ ሱቱኤልን ይያዙ። የግሪኩ መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ላቲኑና ግዕዙ ግን አሉ፣ በ1592ቱ ቩልጋታ ላይም ላቲኑ በአባሪነት ታትሟል። የላቲኑ ምዕራፍ 1–2ና 15–16 በኋላ ዘመን የተጨመሩ ናቸው፤ ከግዕዙ ጋር የሚገጥሙት ከ3 እስከ 14 ያሉት ምዕራፎች ናቸው። ምዕራፍ 7 ላይ ይጠንቀቁ። በጥንታዊው ብራና ላይ አንድ ቅጠል ተቆርጦ ስለ ነበር አሮጌ ኅትመቶች 70 ቁጥሮች ይጎድሏቸዋል፤ ቤንስሊ የጠፋውን ክፍል ያሳተመው በ1875 ነው። የአሮጌው ኅትመት 7፥36 በአዲሱ 7፥106 ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ ግዕዙ ላይ ያለውን ላቲኑ ላይ ሲያጣ የራሱ ስሕተት ይመስለዋል። ኩፋሌም ከፊሉ በላቲን አለ፣ ቼሪያኒ በ1861 ሚላኖ ላይ አሳትሞታል፤ ነገር ግን ብራናው የተፋቀ፣ ላቲኑም ሻካራ ስለሆነ ለኋላ ያቆዩት።

ስለ መዝገበ ቃላት አጭር ቃል። የኦክስፎርዱ ትልቁ የላቲን መዝገበ ቃላት ከክርስቶስ ልደት በኋላ እስከ 200 ዓ.ም. ገደማ ያሉ ጸሐፊዎችን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ጄሮምን ይዘው እሱ ውስጥ ቢፈልጉ «ሳሉስ» ጤናና ደኅንነት ሆኖ ይቀርብዎታል፣ ድኅነት የሚለውን አያገኙም። የ1879ኙ ሉዊስና ሾርት የኋለኞቹን ጸሐፊዎችም ስለሚያካትትና በነጻ ስለሚገኝ ለእርስዎ እሱ ይበቃል። ለሉዶልፍም ይበቃል። የዲልማንን መዝገበ ቃላት ሲጠቀሙ ደግሞ የሚያስቸግረው ላቲኑ ሳይሆን ምሕጻሩ ነው፤ «ኢደም ኰድ» (ከዚህ ጋር አንድ ነው)፣ «ኩም አኩሳቲቮ» (ተሳቢ ይዞ)፣ «ሺሊቼት» (ማለትም) የሚሉት በአንድና በሁለት ፊደል ተጽፈው ይመጣሉ። ዝርዝራቸውን አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው መጽሐፉ ውስጥ ያኑሩት።

በላቲኑ መስመሮች መካከል ፍቺ አይጻፉ። ዓይን ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ቋንቋ ይሸሻል፤ በሁለተኛው ንባብ የሚያነቡት የራስዎን አማርኛ ይሆናል። ንጹሕ ቅጂ ይኑርዎት፣ ቃሉን በተለየ ደብተር ይጻፉ። አንድን ቃል ከመፈለግዎ በፊት ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ያንብቡት፤ ከተፈለጉት ቃላት ብዙዎቹ በማሠሪያው ይገለጣሉ። ፐርሴየስ የሚባለውን ድረ ገጽ ቢጠቀሙ፣ ቃሉን ሲነኩት ሊሆኑ የሚችሉ ትንታኔዎችን ይደረድርልዎታል፤ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ግን የሚወስነው ዐውዱ ነው። የመጀመሪያውን ትንታኔ ሳያመዛዝኑ የሚወስዱ ተማሪዎች ዘርፍና ተቀባይን ሲያምታቱ ይኖራሉ። የተተረጎመ ቅጂ ከዝግጅት በኋላ ለማረም ብቻ ይክፈቱ። የሉዶልፍ ታሪክ በ1682 በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ ቃል በቃል ስለማይሄድ የሐሳቡን አቅጣጫ ለማየት እንጂ ሰዋስው ለመፈተሽ አይጠቅምም።

አንድ ልምምድ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጠን እንመክራለን፦ አምስት መስመር ወደ አማርኛ ይተርጉሙ፣ ሦስት ቀን ያቆዩት፣ ከዚያ መጽሐፉን ሳያዩ ወደ ላቲን ይመልሱትና ከሲሴሮ ጋር ያስተያዩት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መምህራን ያወድሱት የነበረ ዘዴ ነው። የት ላይ «ኰድ» ጽፈው ሲሴሮ አርእስት እንደ ተጠቀመ ሲያዩ የቩልጋታ ልማድዎ የት እንደሚጎትትዎ በራስዎ እጅ ጽሑፍ ይታይዎታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ከመመዝገብዎ በፊት ኮርሱን ይመርምሩ። «የንባብ ኮርስ» ተብለው ብዙዎቹ ስለ ሲሴሮ ሕይወት ንግግር የሚደረግባቸው ናቸው። ይጠይቁ፦ በሳምንት ስንት መስመር ይነበባል? እያንዳንዱ ተማሪ በክፍል ውስጥ ይተረጉማል ወይ? የተጻፈ ሥራ ይታረማል ወይ? በዘጠና ደቂቃ 40 መስመር ቢነበብና ተማሪዎቹ ስምንት ቢሆኑ ለአንድ ሰው አምስት መስመር ይደርሳል፤ ያ መልካም ነው። ሃያ ከሆኑ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ስሕተትዎም አይታይም። ለእርስዎ ደረጃ በሳምንት ከሦስት እስከ አራት የሲሴሮ አንቀጽ ተገቢ ፍጥነት ነው፤ በዚህ አያያዝ የአርኪያስ ንግግር ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ሳምንት ይወስዳል። ለሁለት ሰዓት ክፍል ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ዝግጅት ይመድቡ። ጥናትዎ ይህን ያህል ጊዜ የማይሰጥዎት ከሆነ ምዝገባውን ወደሚቀጥለው ወቅት ያሸጋግሩት፤ ሳይዘጋጁ የሚገቡበት የንባብ ክፍል የሌሎችን ትርጉም መስማት ብቻ ነው። ከሁለቱ ሌላ፣ ሁለቱንም ዘመን የሚያቀላቅል ኮርስ ቢያገኙ ከሁለቱም ያስበልጡት። ለአርባ ዓመት ገደማ በቫቲካን የላቲን ጽሕፈት ያገለገሉትና በ2020 ያረፉት አባ ሬጂናልድ ፎስተር ሮም ላይ ያስተምሩ የነበረው እንዲህ ነበር፤ ሲሴሮም የጳጳሳት ደብዳቤም በአንድ ወረቀት ላይ።

ቪድዮ ብቻ የሚሰጥ፣ አስተማሪ የማያርምበት ኮርስ ዋጋው ቢያንስም አይውሰዱ። እርስዎ የጎደለዎት ማብራሪያ አይደለም፤ ትርጉምዎን ሰምቶ «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» የሚልዎ ሰው ነው።

ስለ አነባበብ፦ ክፍሉ የያዘውን ይያዙ። በጥንታዊው «ኪኬሮ»፣ በቤተ ክርስቲያኑ «ቺቼሮ» ይባላል፤ «ቪቪት» በጥንታዊው «ዊዊት» ነው። የሲሴሮ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ጥንታዊውን ይጠቀማሉ፤ ዳዊቱን ለብቻዎ በቤተ ክርስቲያኑ ቢያነቡ ሁለቱ አይጋጩም። አስፈላጊው ጮክ ብሎ ማንበቡ ነው። የሚጠብቀውን ፊደል አጥብቀው ያንብቡ፤ ላቲን እንደ አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለያል፣ ጆሮዎ ለዚህ ዝግጁ ነው።

ወደ ሉዶልፍ ሲመለሱ የሚያደናቅፍዎት ኅትመቱ ይሆናል። ረጅሙ «ስ» ከ«ፍ» ጋር ይመሳሰላል፤ የሚለየው መስቀለኛዋ ጭረት ወደ ቀኝ አለማለፏ ነው። በአናባቢ ላይ ያለች ሰረዝ «ም» ወይም «ን» መጉደሉን ታሳያለች። «ዩ»ና «ቪ» በድምፅ ሳይሆን በቃሉ ውስጥ ባላቸው ቦታ ይለዋወጣሉ። የሚጠቅምዎትም ነገር አለ፦ በዚያ ዘመን አታሚዎች ብዙ ጊዜ በተውሳከ ግስ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለ ጭረት፣ በአብላቲቭ (በ«በ» ወይም በ«ከ» የምንፈታው የስም መልክ) «ኣ» ላይ ደግሞ ቆብ ያደርጉ ነበር፤ ይህን ልብ ካሉ ባለቤትንና አብላቲቭን ያለ ድካም ይለያሉ። ከመጽሐፉ ርእስ ይጀምሩ። የአበሻን መንግሥት ሲጠራ «ኰድ ቩልጎ ማሌ ፕሬዝቢቴሪ ዮሐኒስ ቮካቱር» ይላል፤ «በሕዝብ ዘንድ ያለ አግባብ የካህኑ ዮሐንስ የሚባለው»። «ማሌ» የምትለው አንዲት ቃል ሉዶልፍ ከዘመኑ ተረት ጋር ያለውን ክርክር ይዛለች። አራቱ መጻሕፍቱ ስለ አገሩና ስለ ነዋሪዎቹ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ግል ኑሮና ጽሕፈት ናቸው፤ እርስዎ ጉዳዩን በሚገባ ስለሚያውቁት በሦስተኛው ይጀምሩ።

በመጨረሻ ስለ ሰዓቱ፣ እኅትዎ ከመክፈላቸው በፊት። በክረምታቸው ወራት በኒው ዮርክ ሰዓት ከምሽቱ 7 የሚሰጥ ክፍል በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በሮም ሰዓት ከቀትር በኋላ 6 የሚጀምረው በእኛ ከምሽቱ 2 ነው። እነሱ በመጋቢትና በመጸው ሰዓታቸውን ስለሚለውጡ በኮርሱ መካከል በአንድ ሰዓት ይሸጋሸጋል፤ አሜሪካና አውሮፓ የሚለውጡበት ቀንም አንድ አይደለም። የአውሮፓው ለእርስዎ ይመቻል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ የሲሴሮን ማሠሪያ መፈለግ ለሁለት ሳምንት እንጂ ለዐሥር ሳምንት አይዘለቅም።